ለአማቼ የሠራነው የነፋስ ክንፍ

ሚስትህ አባቷን የምትወድ ከሆነች አንተ ብዙ መንገድ እንደምትሄድ የነገረህ ሰው አለ? ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

የሚስቴ የአበባ አባት፣ አያ ታከለ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ደጋው አናት ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መብራት አልገባም። ሶላርማ ገዝተንላቸው ነበር፤ ክረምት ገብቶ ጉም ሲተኛበት ምን ያድርግ? ስልኩ ይጠፋል። ስልኩ ሲጠፋ አበባ አባቷ የሞቱ ይመስላታል። ከዚያ እኔ ከጎንደር ቁስቋም ተነሥቼ ማኪና ፍለጋ ነው። ደርሼ ሳያቸው ድንች ይኮተኩታሉ። "ምነው መጣህ?" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

አንድ ቀን እዚያው ደጃፋቸው ቆሜ ነፋሱ ኮፍያዬን ነጥቆኝ ሄደ። እሱን ሳሳድድ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሲዞር መብራት የሚያመነጭ ትንሽ ዲናሞ ፈልጌ፣ ከጣውላ ስድስት ክንፍ አስቆርጬ መታሁበት። ክንፍ ሲበዛ ኃይል ይበዛል ብዬ ነዋ። ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ለስለስ ያለ ነፋስ ሲመጣ ንቅንቅ አይልም። ኃይለኛው ሲመጣ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ ይዞራል፤ ለሶላሩ ባትሪ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። አያ ታከለ ቀና ብለው አዩትና፣ ወፍ ለማባረር ሸጋ ነው አሉ።

አፍሬ ተመለስኩና ለኑረዲን ነገርኩት። ኑረዲን አብሮ አደጌ ነው፤ ጎንደር ከአባቱ በወረሰው ሱቅ የቤት መሥሪያ ዕቃ ይሸጣል። መጀመሪያ በደንብ ሳቀብኝ። ከዚያ፣ ጣውላህ ነፋሱን ይገትረዋል እንጂ አያሳልፈውም አለኝ። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አውጥቶ ቁመቱን ሰነጠቀው። ጎበጥ ማለቱን ከፋብሪካው ይዞት መጥቷል፤ እኛ ሥሩን ሰፋ፣ ጫፉን ቀጠን ማድረግ ብቻ ነው የቀረን። ሦስት ክንፍ ይበቃል ሲለኝ፣ ነጋዴ ስለሆንክ ቆጥበህ ነው አልኩት። ሲበዙ እርስ በርስ ነፋስ ይሻማሉ አለኝ። ደንበኞቹ ሚስማር እየጠበቁ፣ እሱ የክንፉን አንድ ጠርዝ ሲያለሰልስ፣ ሌላውን ሲያሳሳ ዋለ።

አብረን ወደ ደጋው ወጣን። ሰቀልነው፤ ዞረ። ወዲያው ምሰሶው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አያ ታከለ ዘለው አቀፉት። ልቀቁት ብንል እምቢ አሉ። እንዲህ የደከማችሁበት ነገር ዓይኔ እያየ አይወድቅም አሉ። ሽማግሌው ላይ ቢወርድ አበባን በየትኛው ዓይኔ ላያት ነው? ነፋሱ ጋብ ሲል አወረድነው። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ይከብድ ኖሯል። ፋቅነውና መልሰን ሰቀልነው።

አሁን ድምፅ እንኳ የለውም። ባትሪው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። አያ ታከለ ስልካቸው ትንሽ እስኪሞላ ጠበቁና መጀመሪያ የደወሉት ለልጃቸው ነው። አበባ ስታለቅስ እኔ ድረስ ይሰማኛል። ኑረዲን ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ፤ እኔም አዞርኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ሰሞኑን አያ ታከለ ለእኔ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እጅህ ይባረክ አሉኝ። ነገር ግን ልጅቱ ጧት ቁርስ፣ ቀትር መድኃኒት፣ ማታ ደግሞ በሩ ተዘጋ ወይ እያለች በስልክ አላስቀምጥ ብላቸዋለች። ይህ የነፋስ ክንፍ አልፎ አልፎ የሚቆምበት ብልሃት የለውም ወይ?

ታዲያ ስልኩን ለምን አይዘጉትም አልኳቸው።

"እኔ ከዘጋሁትማ ትቀየመኛለች" አሉ። "ነፋስ ጠፍቶ ከተዘጋ ግን የእግዜር ሥራ ነው።"

ኑረዲን አሁን ክንፉን የሚያቆም ፍሬን እየሠራለት ነው። እኔ ደግሞ ለአበባ፣ ደጋው ላይ ዛሬ ነፋስ የለም ብዬ ሳልስቅ መናገር እየተለማመድኩ ነው።