ለፓምፑ የወጣ እግድ

ጎረቤት ሙያችሁን ካወቀ አለቀላችሁ። ሐኪም ከሆናችሁ ደረጃ ላይ አስቁሞ ምላሱን አውጥቶ ያሳያችኋል። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ግን ዋናው ሥራዬ ካውያ ሆኗል። አውሮፕላን የሚጠግን ሰው እንዴት ካውያ ያቅተዋል ይሉኛል። አያቅተኝም። የሚያቅተኝ እምቢ ማለት ነው።

ደግሞ ከኮረንቲ ጋር ስለምውል ደፋር እመስላቸዋለሁ። ተሳስተዋል። እኛ ዘንድ ደፋር አይፈለግም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትምህርታችን ስለ ፍርሃት ነበር ማለት ይቻላል። መምህራችን ኮረንቲ አይታይም፣ አይሸትም፣ የሚታየው በንድፍ ላይ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ንድፉን ሳታዩ ሽቦ የነካችሁ ቀን እኔ አላስተማርኳችሁም ብለው ዛቱብን። ንድፍ ማለት ያው የሽቦው ካርታ ነው፤ የትኛው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ የሚያሳይ።

ሌላም ነገር አስተማሩን። ቀይ ካርድ። ሃንጋር ውስጥ አንዳችን ሽቦ ከመንካታችን በፊት ማብሪያውን እናጠፋና ቀይ ካርድ እናንጠለጥልበታለን። "እንዳትነኩ፣ ሰው አለበት" ማለት ነው። ያቺን ካርድ ከሰቀላት ሰው በቀር ማንም አያወርዳትም። አለቃ አያወርዳትም፣ የአለቃም አለቃ አያወርዳትም። በረራው ይዘገያል እንጂ ካርዷ አትነካም። እኔ እንግዲህ ይህን ስኖር ስንት ዓመቴ፤ ሰው ሁሉ ቀይ ካርድ የሚያከብር ይመስለኝ ነበር።

ወደ ግቢያችን ልመልሳችሁ። ውሃችን በፈረቃ ነው። ሲመጣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንከር ይሞላል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ፎቁ ይገፋዋል። ይህ ፓምፕ ሰው ይነዝር ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብትሉ የሚያስታውስ የለም፤ ተለምዷል። የለመደ ደግሞ ዘዴ አያጣም። ማብሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መግፋት፣ ላስቲክ ጫማ ማድረግ፣ ፓምፑን አለመደገፍ። በቃ። እንዲያውም ሁለተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ለቁርጥማት ጥሩ ነው እያሉ አልፎ አልፎ በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል ተብሎ ሲወራ ሰማሁ። ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

ምክንያቱም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ፓምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ የላስቲክ ልብሱ ተበልቶ ብረቱን ነክቷል። ይሄ የትም ያጋጥማል። ለእንዲህ ያለው ቀን ነው ከብረቱ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ የሚታሰረው። ኮረንቲው በዚያ ይወርዳል፣ ብሬከሩ ተስፈንጥሮ ይጠፋል፣ ሰው ይተርፋል። የእኛ ፓምፕ ይህ ሽቦ የለውም። ኮረንቲ ደግሞ መውረጃ ፍለጋ አይታክተውም፤ ሽቦ ካጣ እርጥብ እግር ይበቃዋል።

የብሎኩን ንድፍ ስጠይቅ ከኮሚቴው ሳጥን አንድ አሮጌ ወረቀት ወጣልኝ። ወረቀቱ ላይ ደረጃው በግራ ነው፤ የእኛ ደረጃ በቀኝ ነው። የሌላ ብሎክ ንድፍ ነው ብዬ መለስኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ታዲያ ገልብጠህ እየው" አሉኝ።

ጋሽ መኮንንን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ቆሻሻ እንኳ የማይጥሉ ሰው ነበሩ። ነገር በቃል አይገባቸውም። ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላ አቤቱታህን ጽፈህ አምጣ ይላሉ። እጅግ ያናድዱኝ ነበር። እጅግም እወዳቸው ነበር።

እኔም የእረፍት ቀኔን ሁሉ ሽቦ ስከተል ከርሜ ንድፉን ራሴ ሠራሁት። የጎደለውን የመሬት ሽቦ በቀይ የተቆራረጠ መስመር አሰመርኩት። ፓምፑ ክፍል በር ላይ ለጠፍኩት፣ ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ቀይ ካርዴን ሰቀልኩ። ጋሽ መኮንን ወዲያው ደረሱ።

"ይሄ እግድ ነው?" አሉ።

"እንደዚያ በሉት ጋሼ።"

"ማን አወጣው?"

"እኔ።"

"በምን ሥልጣን?"

ንድፉን አሳየኋቸው። ከግቢው ሰው ሁሉ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይቺ የተቆራረጠች መስመር ምንድን ናት አሉኝ። የሌለችው ሽቦ ናት አልኳቸው። የሌለ ነገር እንዴት ይሳላል ብለው ተገረሙ። የጎደለውን ለማሳየት ነው ስላቸው ብዙ አሰቡበትና፣ "ጥሩ ማስረጃ ነው" አሉ። ልቤ ሞቀ። "ማህተም ብቻ ይጎድለዋል።"

ጥገናው ምንም አይደለም። የተበላውን ሽቦ መቀየር፣ ከፓምፑ ክፍል አጠገብ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መትከል፣ ማሰር። ዘንጉን ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ግን የግቢው ንጣፍ የጋራ ንብረት ነው፣ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ አይቆፈርም ተባለ። አንዱ እሑድ ኳስ ስለነበረ ጉባኤው አልሞላም። ሌላው እሑድ ውሃ ስለመጣ ሰው ሁሉ ልብስ ሲያጥብ ዋለ። ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያው በባልዲ ከታንከሩ እየቀዳን ፎቅ እንወጣለን፤ እያንዳንዱ ባልዲ ሲወጣ የኔ ስም በደረጃው ላይ በክፉ ይነሳል።

በዚህ መሐል ምድር ቤት ያሉት እማማ ጥሩነሽ ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እድሩ ወዲያው ግቢው ላይ ድንኳን ተከለ። የብረት ካስማውን በመዶሻ እየመቱ ንጣፉን በስተው ሲያስገቡት ቆሜ አየሁ። ለዚህ ማን ፈቀደ ያለ የለም። ለሞተ ሰው ሲሆን መሬቱ ያለ ጉባኤ ይቆፈራል።

እኔ ተረኛ ስለነበርኩ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ከድር ነው። ከድር ከወሎ መጥቶ ብሎካችን ሥር ሱቅ የከፈተ፣ ነገር የማይጨምር ሰው ነው። የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ጠበቃ ስለሆነ ለለቅሶው የፍርድ ቤቱ ሰዎች በሙሉ መጡ። ዳኞች ሳይቀሩ። የጋሽ መኮንን የድሮ አለቆች ማለት ናቸው። ንፍሮ ቀረበ፣ እጅ መታጠቢያ ቧንቧው ደረቅ ነው። ጋሽ መኮንን በሀፍረት መሬት ትዋጠኝ አሉ። ዳኛ ከባልዲ በጣሳ እየተቀዳለት ሊታጠብ ነው? ፍርድ ቤቱ ባለበት በልደታ?

ወደ ፓምፑ ክፍል ሲያመሩ ከድር ሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ይቆጣል" አላቸው።

"እግዱ ለአምስት ደቂቃ ተነስቷል" አሉት። "ሲመለስ እኔ ራሴ አስረዳዋለሁ።"

ካርዴን በጥንቃቄ አውርደው መስኮቱ ላይ አስቀመጧት። በመጥረጊያው እንጨት አበሩ። ፓምፑ ግን ቆሞ ስለከረመ አየር ይዟል፤ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይገፋም። መላውን ያውቁታል፤ ላዩ ላይ ያለችውን ክዳን ፈትቶ ውሃ መሙላት ነው። ወለሉ እርጥብ ነው። ለለቅሶው ያስወለወሉት የቆዳ ጫማ ነው እግራቸው ላይ ያለው። እንዳይበላሽ ካልሲያቸውን ጨምረው አወለቁና በሩ ጋ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ክዳኗን ያዙ። ከድር የወደቀ ነገር ድምፅ ሰምቶ ሮጦ የብሎኩን መብራት በሙሉ አጠፋ። ግን አልደረሰላቸውም።

ለምን ሽቦውን ቀድመህ አልቆረጥከውም ትሉኝ ይሆናል። ብቆርጠው ኖሮ የጋራ ንብረት በማበላሸት ተከስሼ እቆም ነበር፤ ከሳሼም ጋሽ መኮንን። ምነው በከሰሱኝ! እንዴት ደስ ብሎኝ እፈረድ ነበር!

የእማማ ጥሩነሽ ድንኳን አልተነሳም። እድሩ መልሶ ከመትከል ይቆይ አለ። ወንበሩ ያው፣ ንፍሮው ያው፣ ሐዘንተኛው ብቻ ተቀየረ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ኮረንቲ አያውቅም። ኮረንቲ ከመከረ በኋላ ተመካሪ አይተርፍም፤ የተረፈው ደግሞ ምክሩን አልሰማም። እንዴት አወቅህ አትሉም? ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ በጆሮዬ የሰማሁት ሹክሹክታ ይህ ነበር፦ "ያ ሰውዬ ቀይ ነገር ከሰቀለ ወዲህ እኮ ነው ግቢው ሁለት ሰው የቀበረው።"

ሟርተኛ ሆኜ አረፍኩት። ማንንም ያልነካ ካርድ ገዳይ ተባለ፤ ፓምፑን የወቀሰ የለም። ተነስቼ ልጮህባቸው ፈለግሁ። ለቅሶ ቤት ነውና ንዴቴ እንባ መሰለልኝ።

በጋሽ መኮንን ሥልስት ቀን ግቢው ሁሉ ለጸሎት ልደታ ማርያም ሄደ። እኔ ቀረሁ። ለሥልስታቸው እንኳ አልሄደም ተብዬ ታምቻለሁ፤ ግድ የለኝም። ዘንጉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ንጣፉን ፈንቅዬ ተከልኩት። የተበላውን ሽቦ ቀየርኩ። በንድፉ ላይ በቀይ ባሰመርኩበት በኩል የመሬቱን ሽቦ ዘርግቼ አሰርኩ። ለካሁ። ንጹሕ ነው። ሥራው በሙሉ ሐዘንተኛው ሳይመለስ አለቀ። አንድ ሰው የሞተው ለዚህችው ነው ብዬ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ አንድ አባት ይዘው መጡ። ፓምፑ ላይ ክፉ ነገር ስላደረ ጠበል ይረጭ ተባለ። እኔ ብሬከሩን አጠፋሁና ዳር ቆምኩ። አባ ጸሎታቸውን አድርሰው ክፍሉን አዳረሱት። ከዚያ ወለሉን ወልውዬ አበራሁት። ምክትሉ አማትበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጫፍ ብረቱን ነኩ። ምንም። ውሃው ወደ ፎቅ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ተመስገን አለ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ማንንም አልነዘረም። ጠበሉ ነው ይላሉ። እኔም አልከራከርም። በግቢያችን አንድ ሰው ብቻ ነበር "ማስረጃህን አምጣ" የሚለኝ፤ እሳቸውን ቀብረናቸዋል።