እትዬ ድገመውና ያበደው ምድጃ

ወሬው እንዲህ ነው። እትዬ ድገመው መድኃኒቱን ያዩት በሕልማቸው ነው። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ መጥቶ ቀመሩን በጣቱ አየር ላይ ጻፈላቸው፤ ጠዋት ተነሥተው፣ ማንም ሳያግዛቸው፣ ባንድ ሙከራ ቀመሙት። ከዚያ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ድም ሲያደርጉት ባላንጣቸው እያለቀሰ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ይህን የነገረኝ የካፌያችን ባለቤት ነው። ለእሱ የነገረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ለፀጉር አስተካካዩ ማን እንደነገረው አልታወቀም፤ ምላጭ የያዘ ሰው ምንጭ አይጠየቅም።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ነውና እኔ አላመንኩም። እትዬ ድገመው ሕልም ያያሉ ቢባል እንኳ፣ ያንኑ ሕልም ሦስት ጊዜ ሳያዩ ከአልጋቸው የሚወርዱ ሴት አይደሉም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ፀሐይ ወጣች ስትሉት «ትናንትስ?» የሚላችሁ፤ ሰላምታ ስትሰጡት ከልባችሁ መሆኑን ለማረጋገጥ ዞሮ የሚመለስ፤ በሩን ቆልፎ፣ ከፍቶ፣ እንደገና ቆልፎ፣ ደረጃውን ከወረደ በኋላ «ልይማ» ብሎ የሚወጣ። በእኛ ሰፈር ይህን ወንበር የያዙት ክብርት የጥርጣሬ እመቤት፣ የብልቃጦች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ከካፌያችን ፊት ለፊት ባለው የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሠላሳ አራት ዓመት ነጭ ካፖርት የለበሱት እትዬ ድገመው ናቸው።

ስሙ የወጣላቸው ከአንዲት ቃላቸው ነው። አስተናጋጁ ማኪያቶ አምጥቶ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ሲላቸው ቀመስ አድርገው «ጥሩ ነው። ድገመው» ይላሉ። ሁለተኛው ሲመጣ የሚጠጡት መስሏችሁ ከሆነ አታውቋቸውም፤ ከፊተኛው ጋር ያስተያዩታል። የደም ግፊት የለካቻቸው ነርስ ሦስት ጊዜ ለክታ በመጨረሻ የራሷ ግፊት ከፍ ብሏል አሉ። አንድ ቀን የካፌው ባለቤት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ሊያጽናናቸው ቢሞክር፣ እሳቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ስንት እንቁላል?» ብለው ጠየቁት።

ባላቸው ልብስ ሰፊ ነው። እንዴት እንደተጋቡ በኩራት ነው የሚያወራው። እንደሚወዳቸው መጀመሪያ የነገራቸው ዝናብ ሲጥል አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ነው። እሳቸውም ዝናቡ ሊሆን ይችላል፣ በፀሐይ ድገመው አሉት። በፀሐይ ደገመው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነው፣ ቀሚሱ ሊሆን ይችላል አሉት። ሦስተኛውን ጉንፋን ይዟቸው፣ አፍንጫቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ በአሮጌ ሹራብ ሆነው ሰሙት። ያኔ መሀረባቸውን አጥፈው «እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው» አሉና ተጋቡ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመታቸው።

ሥራቸው መድኃኒት መፈለግ ነው። ላልገባኝ ለእኔም ያስረዱኝ በባላቸው ሙያ ነው። አንድ ኮት ትሰፋለህ፤ አይሆንም። እጅጌውን ታሳጥራለህ፤ አይሆንም። ቁልፉን ትቀይራለህ፤ አይሆንም። አርባ ስድስት ኮት ካበላሸህ በኋላ ምናልባት አንዱ ልክ ይመጣል። የእሳቸው ኮት ዱቄት ነው። ኮቱን የሚለብሰው ደግሞ የማይሽር የቆዳ ቁስል የሚያመጣ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ልክ ከመጣለት ይሞታል።

አርባ ሰባተኛው ዱቄት ልክ መጣ። የአይጦቹ ቁስል ደረቀ። እትዬ ድገመው ሦስት ጊዜ ደግመው አሥረኛውን ጽሑፋቸውን አሳተሙ፤ ተቋሙ እሳቸውና አንዲት አይጥ አብረው የተነሡትን ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለ። ዓመት ሳይሞላ አዲስ ዱቄት ሠሩ። ያው ቀመር፣ ያው እጅ፣ ያው የአይጥ ዘር። ቁስሉ ንቅንቅ አላለም። ደገሙት። አሁንም ምንም። ወዳጆቻቸው ዝም ይበሉ፣ ማን ያውቃል ብለው መከሯቸው። «እኔ አውቃለሁ» አሉና አሥራ አንደኛውን ጽሑፍ ጻፉ። ርእሱ ባጭሩ አሥረኛው ጽሑፌ ስህተት ነው የሚል ነበር። ፎቶው ወረደ፤ ሚስማሩ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ለቀልድ ጸሐፊው የእንጀራ ዘመን ነበር፤ ስንት ቀልድ ጻፍኩባቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዱቄት መካከል ምን ተለወጠ የሚለውን ይዘው ተነሡ። አሥራ ሁለተኛው ጽሑፋቸው ውሃው አይደለም ይላል። አሥራ ሦስተኛው ብርጭቆው አይደለም። አሥራ አራተኛው የአይጦቹ መኖ አይደለም። እንዲህ እያሉ ንጹሐንን አንድ ባንድ በነፃ እያሰናበቱ አሥራ ስምንት ደረሱ። የአይደለም ሊቅ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አልተቀየሙኝም፤ ስንት «አይደለም» እንዳሳተሙ ቆጥረው «ሰባት፤ ትክክል ነው» አሉኝ።

በዚሁ ኮሪደር፣ በር ለበር፣ ባለ ሁለት መቶ ይሠራል። እሱም ኬሚስት ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጽሑፍ ስላሳተመ ነው ስሙ። ባለ ሁለት መቶ ካስነጠሰ መሀረቡን ሳይሆን መጽሔቱን ተመልከቱ፤ ታትሟል። የጽሑፎቹ ዝርዝር አርባ ስድስት ገጽ ነው፤ የእትዬ ድገመው አንድ ገጽ ተኩል፣ ያውም በትልልቅ ፊደል። ላብራቶሪው ስለጠበበው የእሳቸውን፣ ባለ አራት መስኮቱን ክፍል ጠየቀ። ተቋሙም ኮሚቴ አቋቋመ፤ ማን ይበልጥ ሠርቷል የሚለው ታይቶ ክፍሉ ይሰጣል ተባለ። ክፍሉ ከሄደ አርባ ሰባተኛው ዱቄት ከነጥያቄው ካርቶን ውስጥ ሊገባ ነው።

ካርቶኑን መሙላት የጀመሩት ቴክኒሻኑ ጋሽ ብልቃጥ ናቸው። ከእትዬ ድገመው ቀድመው የተቀጠሩ፣ በሕይወታቸው ሦስት ብልቃጥ ብቻ የሰበሩ፣ የሰበሩበትንም ቀን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። መሳቢያቸውን ሲያራግፉ የድሮ የሥራ ደብተራቸው ወጣ። እትዬ ድገመው ቀኑ አርባ ሰባተኛው ዱቄት የተሠራበት ሰሞን መሆኑን አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የማድረቂያው ምድጃ ዛሬም አብዷል። የሙቀት መርፌው ስልሳ ነው ይላል፣ እጄ ግን መቶ ነው ይላል።» ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ፦ «ምድጃው ተጠገነ። እግዜር ይመስገን።»

እግዜርን ያመሰገኑት በችኮላ ነበር። ያበደው ምድጃ ዱቄቱን ሲያደርቅ ትንሽ ጠብሶት ኖሯል፤ ከመቶው ሁለት እጅ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ፣ ተሕዋሱን የሚገድለውም ያ ሁለት እጅ ኖሯል። ምድጃው ሲጠገን መድኃኒቱ ጠፋ። ሰው የተበላሸውን ይጠረጥራል እንጂ የተጠገነውን ማን ይጠረጥራል?

አሮጌውን መርፌ ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥተው ምድጃውን መልሰው አሳበዱት። ሁለቱን እጅ ለይተው አወጡ፤ ብቻውን አይጦቹን ፈወሰ። ሦስቴ። አሥራ ዘጠነኛው ጽሑፍ ተጻፈ፤ ምድጃው ነው ይላል። ኮሚቴው ሊቀመጥ አራት ወር ሲቀረው እትዬ ድገመው ብልቃጡንና ደብተሩን ይዘው፣ ምድጃውን በጋሪ አስገፍተው ኮሪደሩን ተሻገሩና የባለ ሁለት መቶን በር አንኳኩ።

«ድገመው» አሉት።

ጋሽ ብልቃጥ አበዱ፤ ከምድጃው ባሰ። ለባላንጣ እንዴት ይሰጣል፣ ካልሠራለት ክፍሉን የሚወስደው እሱ፣ ዳኛውም እሱ!

«የሚወደኝ ሰው ቢደግመው ምን ዋጋ አለው?» አሉ እትዬ ድገመው። «የሚወድ ሰው ስህተቴን አያየውም። ስህተት ካለ ግን እሱ ያገኘዋል።»

ኮሚቴው የተቀመጠ ዕለት ቃለ ጉባኤ የያዘችው የሚስቴ ታናሽ እህት ናት፤ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ከምላጭ ሳይሆን ከእስክሪብቶ ነው። ሰብሳቢው ሁለቱን ዝርዝር በሁለት እጁ አንሥቶ እንደ ሽንኩርት ሻጭ መዘነ። የባለ ሁለት መቶ ያለበት እጁ ዝቅ አለ።

«ዶክተር፣ በሠላሳ አራት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ?» አለ።

«አሥራ ስምንት» አሉ እትዬ ድገመው። «አሥረኛውን አትቁጠሩት፤ ስህተት ነው።»

ጋሽ ብልቃጥ በሩ አጠገብ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰብሳቢው ወደ ባለ ሁለት መቶ ዞሮ የሚጨምረው ካለ ጠየቀው። ባለ ሁለት መቶ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት ይዞ ተነሣ። የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

«ሦስቴ ደገምኩት» አለ።

«እና?»

«ይሠራል።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጨመረ፦ «እንዳይሠራ ያላደረግኩት ነገር የለም። አይጦቹን ቀየርኩ። ውሃውን ቀየርኩ። ሚዛኑን ሳይቀር ከሌላ ተቋም ተዋስኩ። ይሠራል። ክፍሉን ለእሳቸው ተዉላቸው።»

የሚስቴ እህት ቃለ ጉባኤው ላይ «ጭብጨባ» ብላ ጽፋ ነበር፤ አልበቃ ብሏት ሰርዛ «ረጅም ጭብጨባ» አለች። ክፍሉ ከነአራት መስኮቱ ቀረላቸው። ዱቄቱ ወደ ሰው ሙከራ አለፈ። ጋሽ ብልቃጥ ምድጃውን በጋሪ ጭነው ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እንደ ዋንጫ አዞሩት፤ ከየበሩ የወጣው ሁሉ ክዳኑን እየነካ አሳለፈው። ያ ባዶ የቀረው ሚስማር ላይም አዲስ ፎቶ ተሰቀለ። የእትዬ ድገመው አይደለም፤ አልነሣም አሉ። የምድጃው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መጻፍ የጀመርኩ ጊዜ የካፌው ሰው በሙሉ አጨበጨበልኝ። እሳቸው ብቻ ጽሑፌን ሦስቴ አንብበው ሁለተኛው አንቀጽ ሐሰት ነው አሉኝ። ተናድጄ አንድ ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም። ሐሰት ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሳያዩት ከእጄ የወጣ ጽሑፍ የለም፤ እነዚያን ሁሉ የአይደለም ቀልዶች እንኳ አንድ ባንድ አስነብቤያቸዋለሁ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደስ ይለኛል፤ የማምነው ግን እሳቸው ትክክል ነው ሲሉ ነው።

ስለዚህ ወሬውን እንዳለ፣ ከነሽማግሌው፣ በወረቀት ጽፌ ማኪያቷቸው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አወረዱ። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ሕልም አላየሁም፤ እኔ ስተኛ እተኛለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ምድጃው ማበዱን የጻፉት ጋሽ ብልቃጥ ናቸው። ባንድ ሙከራ አይደለም፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ ደብተሩ አለ። ብልቃጡን ድም አላደረግኩም፤ ብልቃጥ ድም አይደረግም። እሱም አላለቀሰም፣ የትም አልሄደም፤ ያው እዚያ ሻይ ይጠጣል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ባለ ሁለት መቶ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ስኒውን ከፍ አደረገልኝ። ከፊቱ ሁለት ስኒ ነበር፤ ሁለቱንም ቀምሷቸዋል።

«ቢያንስ መድኃኒቱ እውነት ነው» አልኩ።

«መድኃኒት አይደለም» አሉ እትዬ ድገመው። «ሰው እስኪያድን ድረስ ዱቄት ነው።»