ቢቸና ከሆነ ይጩህ

«ከሆነ» የምትባለዋን ቃል ያህል ሰው ያሠቃየ ነገር በምድር ላይ የለም! አንተ አንባቢዬ፣ «የሚመቸኝ ከሆነ እመጣለሁ» ያልከው ወዳጅህ ይሄኔ በር በሩን እያየ ነው።

እኔን ያሠቃየችኝ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ ነው። የእህል ማኅበራችን ሁለት ኮምፒውተር በእርዳታ አግኝቶ አንዱ ቢቸና፣ ሌላው ሞጣ ተቀመጠ። ከርነሉን፣ ማለትም የማሽኑን ሌላ ሥራ ሁሉ የሚያዘውን ፕሮግራም፣ የማሰናዳው ከመጽሐፍ ለብቻዬ የተማርኩት ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ።

የቢቸናው ሊቀመንበር ቁልፍ በተነካ ቁጥር ማሽኑ ጢጥ እንዲል አዘዙ። ካልጮኸ መሥራቱ በምን ይታወቃል? የሞጣው የመጋዘን ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ጩኸቱን ጠሉት፤ «ዝም አይነቅዝም» ባይ ናቸው፣ የእህል ሰው አይደሉ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም... እኔ ወጣሁ። አንድ ፕሮግራም ጽፌ የጢጧን ትእዛዝ «ቢቸና ከሆነ» እና «እስከዚህ» በሚሉ ሁለት ምልክቶች አጠርኳት። ለሞጣ ሲሰናዳ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይዘለላል።

ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ሁለት ጊዜ የማየው ሰውዬ፣ «እስከዚህ»ን አንድ አንቀጽ አሳልፌ ተከልኳት! የቁልፍ ሰሌዳውን የሚያዳምጠው ክፍል አጥር ውስጥ ቀረ። ቢቸና ላይ ሞከርኩት፤ እየጮኸ ሠራ። ደስ ብሎኝ ለሞጣም አሰናድቼ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ የጠበቁኝ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ጓድ ነበሩ፤ ሥራዬን አይተው ወይ ቋሚ ያደርጉኛል፣ ወይ ያሰናብቱኛል። ጓድ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ዝም። ሌላ ተጫኑ። ዝም። በመጨረሻ መላ ሰሌዳውን እንደ ሊጥ በመዳፋቸው ዳመጡት።

«ለምንድን ነው የማይመልሰው?»

ጋሽ ሰይድ ቀደሙኝ።

«ዲሲፕሊን ነው፣ ጓድ። ሳይፈቀድለት አይናገርም።»

«የቢቸናውስ?»

«እሱማ ለነካው ሁሉ ይመልሳል» አሉ፣ የጎረቤት ልጅ እንደሚያሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጓድ ፊታቸው ተኮሳተረ። እኔ ቋሚ ሆንኩ፤ የቢቸናው ማሽን የሞጣውን አርአያ እንዲከተል ታዘዘ። አጥሩን ከነውስጡ ሰረዝኩት። ሁለቱም አንድ ሆኑ... «ከሆነ» የለ፣ ጣጣ የለ!

የቢቸናው ሊቀመንበር ግን መጥተው ማሽናቸውን ነካኩና፣ «አሁን መሥራቱ በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

«በዝምታው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

እሳቸውም ዝም አሉ። እነሆ፣ ሁለቱ ማሽኖችም ሊቀመንበሩም እስካሁን አልነቀዙም።