በምዕራፍ አንድ የተገኘው ሐይቅ

የተከበረው የማስተርስ ጥናት መግቢያ፣ በተለይም በእንግሊዝኛ የሚጻፈው፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ዝም ብሎ ከጉዳዩ አይጀምርም። መጀመሪያ ዓለምን ይዞራል። እስያን ይጎበኛል፣ ላቲን አሜሪካ ላይ ጥቂት አረፍ ይላል፣ ከሰሃራ በታች ሲደርስ በጥልቅ ያዝናል፣ ከዚያ አገራችንን አቋርጦ፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ ስለምን ሊጽፍ እንደተነሣ ትዝ ይለዋል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አይታወቅም። አውጪው ስላልታወቀም የሚሽረው አልተገኘም።

የሺአረግ ግን ልትሽረው ቃጣት። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆና የምትሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ማስተርሷን የምትማር ሴት ናት። የጥናቷ ርእስ የሰፈሯ የውሃ እጥረት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከማክሰኞ ወዲህ ቧንቧችን ሲከፈት የሚወጣው አየር ብቻ ነው።» በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ከአንድ መስመር አልበለጠም። ወደደችው። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ከጻፈችው ሁሉ የራሷ ነው የምትለው እሱን ብቻ ነበር።

አማካሪዋ ዶክተር አየነው ዓረፍተ ነገሩን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ ዶክተር።»

«አንቺማ ተማሪ ነሽ። ማን ብሎት ነው አንቺ ያልሽው?»

«ማንም አላለውም። እዚያው ነው የምኖረው። ቧንቧውን የምከፍተውም እኔው ነኝ።»

ዶክተሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ የሺአረግ፣ አጥኚ ከሚያጠናው ነገር ራቅ ማለት አለበት። አንቺ ከቧንቧው ጋር ከመጠን በላይ ተቀራርበሻል።» ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። «እንግሊዝኛውስ ቢሆን? ሕፃን ልጅ የሚገባው እንግሊዝኛ ምን የሚሉት እንግሊዝኛ ነው? ዓለም አቀፋዊ ሁኔታውስ የት አለ?»

«የሰፈሬ ቧንቧ ዓለም አቀፋዊ ሁኔታ?»

«ቧንቧ ዓለም አቀፋዊ ነው» አሉና ሰረዙት።

የሺአረግ ልትከራከር አሰበች። ግን ዲፌንሱ፣ ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን፣ ተቃርቧል። ይህ ካመለጣት ለከርሞ ነው፤ በመሥሪያ ቤቷ የተከፈተው የቡድን መሪነት ቦታ ደግሞ ማስተርስ ላለው እንጂ ሊኖረው ላሰበ አይሰጥም።

ከዚህ ጭንቅ ያወጣቻት የክፍል ጓደኛዋ ፋርሂያ ናት።

«አቦ አንቺ ደግሞ! መግቢያ ይጻፋል እንዴ?» አለቻት ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው። «መግቢያ ይወረሳል! እኔ ያለኝ መግቢያ ወላሂ ስንቱን አስመርቋል።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከደቡብ። የአክስቴ ልጅ ከጓደኛው ወሰደው፣ ጓደኛው ከአለቃው፣ አለቃው ከማን እንደወሰደው እሱም አያውቅ።» ፍላሿን ከቦርሳዋ አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «የከተማውን ስም ብቻ ቀይሪው። ኮምፒውተሩ ራሱ ባንዴ ይቀይርልሻል፣ አትካበጅ።»

ኮምፒውተር ታማኝ አገልጋይ ነው። የዚያችን የደቡብ ከተማ ስም ካለበት ሁሉ እየነቀለ ድሬዳዋን ተከለ። የሺአረግ ከማስገባቷ በፊት ልታነበው አልሞከረችም አይባልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ስለማን እንደሚወራ ጠፋባት። ደግሞም እንዲህ ያለ ታላቅ እንግሊዝኛ ይከበራል እንጂ አይነበብም።

ዶክተር አየነው ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይኼ ነው እንግሊዝኛ! ሁለቴ አንብቤው ምንም አልገባኝም!» አሉ። በደስታቸው ብዛትም በዚያው ሳምንት ለሚያቀርቡት የዐውደ ጥናት ጽሑፍ ጥቂት አንቀጾች ወሰዱ። ምሁራዊ ትብብር የሚባለው ይህ ነው።

ሐይቁ የተገኘው ባጃጅ ውስጥ ነው። የሺአረግ ከሥራ ስትመለስ ጥራዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለዲፌንሱ ትለማመድ ነበር። ባጃጇ የደቻቱ ድልድይ ላይ ወጣች። ታች ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሁለት ፍየሎች መሃሉ ላይ ቆመው ይተያያሉ። ጥራዙ ደግሞ በዚያው ሰዓት እንዲህ ይላታል፦ ድሬዳዋ ማለዳ ማለዳ ጀልባዎች በሚርመሰመሱበት ውብ ሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ነዋሪዎቿም ከጥንት ጀምሮ ዓሣ በማስገር የሚተዳደሩባት ከተማ ናት።

«በስመ አብ!»

«ምነው እህቴ፣ ዕቃ ረሳሽ እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ሐይቅ አስገባሁ!»

«የት?»

«ድሬዳዋ!»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያት፣ ላቡን ጠረገ። «ደግ አደረግሽ። ትንሽ ቀዝቀዝ ያደርግልን ይሆናል።»

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር አየነው ቢሮ ድረስ ሄደች።

«ዶክተር፣ ሐይቁ ይውጣልኝ።»

«የቱ ሐይቅ?»

«ምዕራፍ አንድ ላይ ያለው። ድሬዳዋ ሐይቅ የላትም።»

«ማን አለ?»

«እርስዎም እዚሁ አይደል የሚኖሩት! እባክዎ በመስኮት ይመልከቱ!»

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞር አላሉም። ምሁር በመስኮት ማየት ከጀመረ የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። «ድሬዳዋ ሐይቅ የላትም ብሎ የጻፈ ሰው ካለ አምጪልኝ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

የሺአረግ ቤተ መጻሕፍቱን አገላበጠች፣ ኢንተርኔቱን በረበረች። የሌለውን ሐይቅ የለም ብሎ ለመጻፍ የደከመ ሰው አልነበረም። ሐይቁ ለመኖሩ ግን አዲስ ዋቢ ተገኘ፤ በቅርቡ በዐውደ ጥናት የቀረበ የዶክተር አየነው ጽሑፍ ነበር። ሥርዓቱ ያስገድዳልና ዋቢውን በቅንፍ ከሐይቁ ጎን አስቀመጠችው።

በዲፌንሱ ቀን የውጭ ፈታኙ ፕሮፌሰር ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን ከተፍ አሉ። መግቢያውን ካደነቁ በኋላ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ውሃ እንዴት ያጥራታል? እንዲህ ከሆነ እኮ ጥናትሽ መቆሚያ የለውም።»

የሺአረግ አማካሪዋን አየች። አማካሪዋ የጣሪያውን ማራገቢያ ያያሉ። ያን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ፣ ማስተርሱንም፣ ቡድን መሪነቱንም በውኗ ሐይቅ ሲበላው ታያት። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ብዛትም እውነቱን ተናገረች፣ ያውም በአማርኛ።

«ፕሮፌሰር፣ ሐይቅ የለም።»

የፕሮፌሰሩ ፊት ቀስ እያለ በራ።

«አሃ! ደርቋል!»

«ደርቋል!» ብለው ዶክተር አየነው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የጥናቱ እምብርትም ይኸው ነው!»

«ኧረ አልደረቀም፣ ከመጀመሪያውም እኮ…»

«አትሸማቀቂ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «አንድ ሐይቅ ከነዓሣው ሲጠፋ ማንም ልብ ሳይል አንቺ ደርሰሽበታል።»

ጉባኤው አጨበጨበ። ውጤቷ እጅግ በጣም ጥሩ ሆነ። የታዘዘችው ማስተካከያ አንድ ብቻ ነው፤ ሐይቁ የደረቀበትን ምክንያት ከዓለም አቀፋዊ ሁኔታው ጋር እንድታያይዝ። አያያዘችው።

ተመረቀች፣ ቡድን መሪም ሆነች፣ ጎረቤቱም እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ቤቷ ተሰበሰበ። ቧንቧው ያን ቀንም ደረቅ ነበር። ወርቅዬ፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ በሩ ላይ አቀፈቻት።

«የሺዬ፣ ታዲያ ጥናቱ ምን አለ? ውሃችን ለምን ጠፋ?»

የሺአረግ ሳቋ መጣ። «ሐይቃችን ደርቆ ነው አሉ።»

ወርቅዬ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች። «ውይ! እኔ እኮ ቧንቧው ተበላሽቶ መስሎኝ፣ ስንቱን ሰው በከንቱ አማሁት!»

ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ ወሬው ቤቱን ሞላው። ከንፈር የማይመጥ ጠፋ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡት ጋሽ ክፍሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ከባቡር ወርደን ገላችንን የምንለቃለቀው እዚያ አልነበር?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሚክዳድ በልጅነቱ የያዘውን ዓሣ በሁለት ክንዱ ለክቶ አሳየ። ሐይቁ በየት በኩል እንደነበር ሁለቱ ትንሽ ተጨቃጨቁ፤ በስፋቱ ላይ ግን ተስማሙ።

የሺአረግ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ቀልዴን እኮ ነው! ሐይቅ ኖሮን አያውቅም! ያለን ቧንቧ ነው፣ እሱም ከማክሰኞ ወዲህ ሲከፈት የሚወጣው አየር ብቻ ነው!»

ያቺ የተሰረዘች ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ ከአፏ ወጣች። ጋሽ ክፍሉ ቀና ብለው በርኅራኄ አዩዋት።

«ልጄ» አሏት፣ «ማን አለ?»