ከስሜ ኋላ የቆመችው ዶሮ

ትናንት ማታ ተኝቼ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጎሚስታ ቤታችን ውስጥ ጎማው ቆሞ እኔ ተጋድሜያለሁ። የሲኖትራክ ጎማ ነው፣ ጥቁር፣ እኔን የሚያክል። የአየር ቱቦውን አፌ ውስጥ ከቶ ይነፋኛል። ሆዴ ሲወጠር በመዶሻ ቸብ ቸብ አደረገኝና ጆሮውን ለጠፈብኝ።

«ይሄ ልጅ ያስተነፍሳል» አለ ለጓደኛው ጎማ።

«የት ጋ?»

«አፉ ጋ።»

ሁለቱም ሳቁብኝ። ከዚያ ጎማው በእርግጫ ብሎኝ «በል ተነስ፣ ሜዳ ላይ ስም እየተነበበ ነው፤ ካልደረስክ የለህም» አለኝ። ከዚህ በኋላ መሮጥ ነው።

ቆይ እዚህ ጋ ላስረዳችሁ። ሞጆ ውስጥ ክረምት ክረምት የሰፈር ዋንጫ አለ። የኛ ቡድን ጎማ ተራ ይባላል፤ ዘንድሮ ለፍጻሜ ደርሰናል፣ ከቄራ ልጆች ጋር። እኔ አምና የዳኛው ፊሽካ ውስጥ በርበሬ ጨምሬ ዓመት ተቀጥቻለሁ። ሌላውን ጨዋታ ሁሉ ከአጥር ውጪ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ቅጣቴ ያለቀው ለፍጻሜዋ ብቻ ነው። ኮሚቴው ደግሞ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ስሙ የዋንጫው ድረ ገጽ ላይ ያልወጣ ሜዳ አይገባም። ድረ ገጹን የሠራው ጓደኛዬ ሮቤል ነው። ስማችንን ጄሰን የሚባል ፋይል ውስጥ በቅንፍ በቅንፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ገጹ ፋይሉን ይጠራል፣ ያነባል፣ ስማችንን ያወጣል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ ከትምህርት ጋር የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው።

እዚያ ስደርስ ተመልካቹ ራሱ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ይራገጣል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ኳሷ ጥላ ዘርግታ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «አቀብለው እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ» እያለች ትሰድባቸዋለች። በሩ ላይ ሁለት ቅንፎች ቆመዋል፣ እንደ በሬ ቀንድ የተቆለመሙ፣ የመብራት ምሰሶ የሚያካክሉ። ዘበኛው የሮቤል ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሮቤልን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። አፍንጫውን ሲጫነው ሮቤል «ሀ» ይላል፣ ጆሮውን ሲጫነው «ለ» ይላል። ብብቱን ሲነካው ደግሞ ይስቅና አዲስ መስመር ይጀምራል።

«ሮቤል፣ እኔ አለሁ?» አልኩት።

«አታናግረው፣ ሥራ ላይ ነው» አለኝ ላፕቶፑ። «ይልቅ ስምህን ጥቅስ አልብሰህ ና። እርቃኑን የመጣ ቃል እዚህ አይገባም።»

ግራና ቀኝ ትከሻዬ ላይ ሁለት ሁለት ጭረት ሰፉልኝ። ኮሎኔል መሰልኩ። ወደ ውስጥ ስንጎራደድ የማልያዬ ቁጥር፣ ዘጠኝ፣ ከኋላዬ መለመላውን መጣ። ማንም ምንም አላለውም።

«እሱስ?» አልኩ።

«ቁጥር አይለብስም» አለኝ ላፕቶፑ። «ሕግ ነው።»

ዘጠኝ ምላሱን አወጣብኝና አልፎኝ ገባ።

ውስጥ ቡድናችን ተሰልፏል። ፊት የቆመው ማንደፍሮ ነው፣ በረኛችንና አምበላችን። በየሁለቱ ሰው መሀል አንድ አንድ ዶሮ ቆማለች።

«ዶሮዎቹ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

«ኮማ ናቸው» አለኝ። «እነሱ ባይኖሩ የኔ ግንባር የት አልቆ የሱ ማጅራት የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ዝም ብለህ መጨረሻ ላይ ቁም።»

አስራ ሁለት ነን፣ ከተጠባባቂያችን ጋር። እኔ አስራ ሁለተኛው ነኝ። አስራ አንድ ዶሮ ቦታ ቦታዋን ይዛለች። አንዲት ቀይ፣ ወፈር ያለች ዶሮ ግን ሥራ አጥታ ትንጎራደዳለች። የኔ እጅ ደግሞ ሥራ ፈት ካየ ዝም አይልም። አፈፍ አደረግኳትና ከኋላዬ አቆምኳት። ለምን ብትሉኝ አላውቅም። ቆንጆ ነበረች፣ በቃ።

«አንባቢው መጣ» ተባለ።

ዞር ስል ጋሪ ነው። የሰፈራችን ባለጋሪ ገመቹ ልጓም ጎርሶ እየጎተተ፣ ዳማ ፈረሱ መነጽር አድርጎ፣ ጋቢ ደርቦ ላዩ ላይ ተንፈላሷል።

«ቀስ በል አቦ፣ ጉድጓዱ አይታይህም?» ይለዋል ፈረሱ።

ገመቹ አሽካካ።

ፈረሱ ወርዶ ማንበብ ጀመረ። አንብቦ የጨረሰውን ሰው ግንባሩን ይልሰዋል። «ማንደፍሮ፣ በረኛ፣ ቁጥር አንድ። ዶሮ። ቀጥል» እያለ እየላሰ እየላሰ እኔ ጋ ደረሰ።

«ፋሲል፣ አጥቂ፣ ቁጥር ዘጠኝ። ዶሮ።» ብሎ ቆመ። ከኋላዬ አየ። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገና እንደገና አየ። «ቀጣዩስ?»

«የለም ጋሼ፣ መጨረሻው እኔ ነኝ።»

«ዶሮ ካለች ሰው አለ። እጠብቃለሁ።»

ጠበቀ። ዝናብ መጣ፣ ከመሬት ወደ ላይ የሚዘንብ፤ በሱሪያችን ገብቶ በአንገታችን ወጣ። ፈረሱ አሁንም ይጠብቃል። በመጨረሻ መነጽሩን አጠፈ።

«ያልተጠበቀ ዶሮ ተገኝቷል። አልተነበበም» አለ።

ወዲያው የማንደፍሮ ጫማ ጠፋ። ከዚያ ጉልበቱ። አስራ አንዱም ከታች ጀምረው ይጠፉ ጀመር።

«ያጠፋሁት እኔ፤ እነሱ ምን አደረጉ?» አልኩት ፈረሱን።

«ፋይል አንድ ነው፣ ልጄ። ወይ ሁላችሁም አላችሁ፣ ወይ ማናችሁም የላችሁም።»

ማንደፍሮ ደረቱ ድረስ ሄዷል። ያለው ጭንቅላትና ሁለት እጅ ነው። «በናትህ ፋሲል፣ አምና በበርበሬ፣ ዘንድሮ በዶሮ» አለኝ። «ልቀቃት።»

ዓመት ሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ የጠበቅኳት ጨዋታ ናት። ወደ ዶሮዋ ዞርኩ።

«ሂጂ እንግዲህ» አልኳት።

«ቦታ አገኘሁ ብዬ ነበር» አለችኝ፣ ከፍቷት።

«ይቅርታ እማ።» ከልቤ ነው ያልኩት። ሄዳ ኳሷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወዲያው ሁለቱ ያሙኝ ጀመር።

ልጆቹ ተመለሱ። ለማንደፍሮ ሁለት ግራ እግር ደረሰው፣ ግን በረኛ ስለሆነ ዝም አልነው። ፈረሱ ሁለተኛ አነበበን፣ ግንባሬን ላሰኝና «በሉ ዝጉ» አለ።

የሚዘጋው መጨረሻ ላይ የቆመ ነው። ሮጬ የትልቁን በር ቅንፍ ያዝኩ።

«ከውስጥ ጀምር» አለኝ ፈረሱ። «አንተ ድስቱን ሳትከድን ነው የጓዳውን በር የምትዘጋው?»

መጀመሪያ የራሴን ቅንፍ ዘጋሁ፣ ከዚያ የቡድኑን፣ ከዚያ ትልቁን። እንደዘጋሁ ከሜዳው በላይ አንድ ትልቅ ክብ ወጥቶ መዞር ጀመረ። «ሎድ እያረገ ነው» ተባለ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ሰቅሎ ያያል። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ማንከስ ጀመረ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ፈረሱ። በሕልምም ያው ነው።

እኔ ግን ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሽሽሽ ይላል። ይሄን ድምፅ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ፈረሱ ትከሻ ላይ ወጥቼ ክቡን ያዝኩት፣ ምራቄን ቀባሁት፤ አረፋ ሠራ። ሚስማር ወግቶታል። ነቅዬ ጥቅሴን ከትከሻዬ ቦጭቄ ለጠፍኩበትና ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ነፋሁት። ጠበደለ። ከዚያማ ተዉት፣ ተፈተለከ።

ስሞቹ ሰማይ ላይ መውጣት ጀመሩ። ማንደፍሮ። ቀጣዩ። ቀጣዩ። አስራ አንድ ስም ወጣ። «ፋ» ብቅ አለች። «ሲ» አንገቷን ስታወጣ አንድ ሰው እግሬን ጎተተኝ።

ሮቤል ነው፣ የእውነቱ። ዝናብ አበስብሶታል፣ ላፕቶፑን በጃኬቱ ጠቅልሎ ታቅፎታል።

«ተነስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ነው።»

«ገጹስ?»

«ተከፍቷል።»

«እኔስ አለሁ?»

«አለህ።»

ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱ እንደ ግንድ ቆሟል።

«ምነው?»

«ማንበቢያው መጨረሻው ሰው ላይ ተቸክሎ አስራ ሁለት ጊዜ አንተን አወጣ። ከላይ እስከ ታች ፋሲል፣ ፋሲል፣ ፋሲል ነው።»

«አስተካክለዋ።»

«አስተካክዬዋለሁ። ኮሚቴው ግን ቀድሞ አትሞ ማህተም መትቶበታል። ማህተም ያረፈበት አይነካም፣ የሚጫወተው ዝርዝሩ ላይ ያለ ብቻ ነው አሉ።»

«በረኛውስ?»

«አንተ ነህ።»

«ተከላካዮቹስ?»

«አራቱም አንተ ነህ።»

ሱሪዬን እየፈለግኩ ትንሽ አሰብኩ። «ተጠባባቂስ አለን?»

«እሱም አንተ ነህ» አለኝ ሮቤል። «ሲደክመው ራሱን ቀይሮ ይግባ ብሏል ማንደፍሮ።»