ክቡር ስንዝርና የረዘመው ሜትር

በየሠፈሩ ሜትር የማያምን አንድ አናጺ አይጠፋም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ግድግዳችሁን በስንዝር ይለካል። ወረቀት ላይ ምንም አይጽፍም። "ያዝኩት" ይላችኋል። ምኑን እንደያዘ የምታውቁት በሩ ተሠርቶ ሲመጣ ነው።

የእኛን ሠፈር ባለሙያ በሆዴ ክቡር ስንዝር ነው የምላቸው፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሠፈሩን በርና መስኮት ሠርተዋል፣ የሁሉንም ቤት ልክ በቃላቸው ያውቁታል። ከሁለት ዓመት በፊት ያረጀ መስኮቴን እንዲቀይሩልኝ ብጠራቸው ጠጋ ብለው እንኳ አላዩትም። "የናንተ መደዳ መስኮት ስድስት ስንዝር ነው። እኔው የሠራሁትን ምን ያስለካኛል?" አሉ።

አዲሱ መስኮት ሲገጠም በአንድ በኩል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ክቡርነታቸው ክፍተቱን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ በመጨረሻም እኔን አዩኝ። "ግድግዳሽ ተንቀሳቅሷል" ብለው ጣውላ መቱበትና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በገባ ቁጥር በጨርቅ እወትፈዋለሁ። ይህ ሁሉ የሚደርሰው እንግዲህ በሙያ ትምህርት ቤት ልኬት በማስተምረው በእኔ ላይ ነው።

ዘንድሮ አዲስ ደንብ ወጣ። በሜትር ለክቶ መቁረጥ እንደሚችል በፈተና ያላሳየ ባለወርክሾፕ ፈቃዱ አይታደስለትም ተባለ። ለፈተናው የሚያዘጋጀውን የቅዳሜ ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ስገባ ክቡር ስንዝር ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፈተናውን ከወደቁ ወርክሾፓቸው ይዘጋል። እሳቸው ግን ለመማር የመጡ ሳይሆን ሊገመግሙኝ የመጡ ነበር የሚመስሉት።

"ሜትር የተሠራው እጁን ለማያምን ሰው ነው" ብለው ትምህርቱን ከፈቱልኝ። ቀጥለውም ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሳጥን ለክፍሉ አስተዋወቁ። "ይሄን በሠላሳ ዓመቴ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁመቱ ስምንት ስንዝር፣ አንድ ጣት አይጎድል፣ አንድ ጣት አይተርፍ።" በየቅዳሜው ይህን ሳይደግሙ አይቀመጡም።

የእኔ ክፍል ደንብ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ገምት፣ ከዚያ ለካ። ውሃ በባልዲ፣ ምስማር በሚዛን፣ ገመድ በሜትር። አንድ ቀን ክቡርነታቸው ከሳጥን ውስጥ ምስማር ዘግነው በሁለት እጃቸው አመዛዘኑና "ኪሎ" አሉ። ሚዛኑ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ግራም አለ። ክፍሉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ ነው የተበላሸሁት። ከዚያ በኋላ ማን ሊችላቸው!

ሜትሩን በስንዝራቸው የፈተሹት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። "አንድ ሜትር ማለት አራት ስንዝር ተኩል ነው። ይሄኛው ግን ከዚያ ያልፋል" አሉ። ሌላ ሜትር ሰጠኋቸው፣ እሱም አለፈ። ሦስተኛም ሰጠኋቸው። "የዘንድሮ ሜትር ሁሉ ረዝሟል" ብለው ፈረዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አናጺ መጨመር ነበረበት።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስንዝር እንዲለካ አዘዝኩ። አብራቸው የምትቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጃቸውን ማስመሪያው ላይ ዘርግታ "ሃያ አንድ ሴንቲ" አለች።

"ሃያ ሁለት ነው። ድገሚው።"

ደገመችው። "ሃያ አንድ ነው፣ አባባ።"

ተነስተው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። ከታች ጀምረው በስንዝር እየቆጠሩ ወጡ። ስምንት ላይ ሲደርሱ ከላይ አራት ጣት ተረፋቸው። እንደገና ከታች ጀመሩ። አሁንም አራት ጣት።

"ቁም ሳጥኑ አድጓል?" አለ አንዱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

ልጅቷ ሜትር ዘርግታ ለካችው። "መቶ ሰባ ስድስት" አለችና ደብተሯ ላይ ለስምንት አካፈለችው። ሃያ ሁለት ወጣ። ደብተሩን አሳየቻቸው። ክቡር ስንዝር ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። አውራ ጣታቸው ከመገጣጠሚያው ጎበጥ ብላ ነበር፤ ሌሎቹም እንደ ድሮው አይዘረጉም።

"እጄ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ እጄ ናት ያጠረችው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮቴ ብናደድባቸውም በዚያች ሰዓት አንጀቴን በሉት። "ጋሼ፣ ኪሎውን ያወቀውም ይኸው እጅ ነው" አልኳቸው። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና፣ ትምህርቱ ከተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሩን ከልጅቷ ለመኑ። "እስቲ ትንንሾቹን መስመሮች አሳይኝ፣ ልጄ።"

በፈተናው ቀን ዘጠና ሴንቲ ጣውላ እንዲቆርጡ ታዘዙ። ሦስት ጊዜ ለኩ፣ አንድ ጊዜ ቆረጡ። አንድ ሚሊ አልጎደለም። ልጅቷ ከእሳቸው በላይ ተደሰተች።

ሰኞ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ክቡር ስንዝር ናቸው፤ ሜትር ወገባቸው ላይ፣ ወረቀት እጃቸው ላይ። ወረቀቱ ላይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሠሩላቸው ቤቶች ተዘርዝረዋል፤ አራቱ ተሰርዘዋል፣ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። የወተፍኩትን ጨርቅ ነቅለው፣ ጣውላቸውንም ነቅለው፣ የመስኮቱን ቦታ ለኩ። መቶ ሠላሳ ሁለት ብለው ጻፉ። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ፦

"ልጄ፣ ግድግዳሽ አልተንቀሳቀሰም" አሉ።

ለዚህ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ነገረኛ መልስ። እሱን ትቼ የተነቀለውን ጨርቅ ከመሬት አነሳሁ።

"እስቲ ጫፉን ያዥልኝ፣ ልድገመው" አሉኝ።

ያዝኩላቸው።