ተያዥ ያጣው አህያ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ድሮ፣ እንስሳ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ጫካ ዳር እትዬ አስካለች የሚባሉ መበለት ነበሩ። ግቢያቸው ሰፊ ነው። እግሩ የተሰበረ፣ ከወጥመድ ያመለጠ፣ ጌታው የጣለው እንስሳ ሁሉ እዚያ ይጠጋል። እሳቸው ማን ነህ ብለው አይጠይቁም። ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥባሉ፣ ፍሩሽካ ያቀርባሉ፣ በቃ።

እንስሶቹ ጠዋት ይበላሉ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሰዓት ቁስላቸውን ያወራሉ። ቁስሉ ሲድን ወሬ አለቀባቸው። ወሬ ሲያልቅባቸው ስብሰባ ጀመሩ።

ዝንጀሮ ሊቀመንበር ሆነ። አንድ እጁን ወጥመድ ቆርጦታል፤ በቀረችው ዱላ ያዘባት። ፍየል በር ጠባቂ ሆነች። ሕግም ወጣ፦ «ተያዥ የሌለው አዲስ መጤ አይገባም።»

«እኛ ስንገባ ተያዣችን ማን ነበር?» አለች ኤሊ።

«ያኔ ሕግ አልነበረማ!» አሏት። አንገቷን ሰበሰበች።

አንድ ቀን እትዬ አስካለች ወፍጮ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ አህያ እያነከሰ መጣ። ጭኑ ተቦጭቋል፣ ደሙ ይንጠባጠባል።

«ክፈቱልኝ፣ እናቶቼ። ጀምበር ሳትጠልቅ ካልገባሁ ጅብ ይጨርሰኛል።»

«ተያዥ አለህ ወይ፣ አያ አህያ?» አለች ፍየል።

«ቁስል አለኝ።»

«ቁስልማ ማን የሌለው አለ! እኔም ቀንዴ ተሰብሯል፤ አውርቼው አውርቼው ሰለቸኝ።»

ዝንጀሮ ዱላውን እየጎተተ መጣ። «ማን ያውቅሃል?»

«ጌታዬ ያውቀኝ ነበር፣ ጋሽ ዝንጀሮ። ሃያ ዓመት ጫነኝ። ጉልበቴ ሲደክም ሜዳ ላይ ትቶኝ ሄደ።»

«እሱ ካደህ ማለት ነው። ሌላስ?»

አህያ አሰበ። «ሌላ የሚያውቀኝ ይሄን ጭኔን የነከሰኝ ጅብ ነው።»

«አየህ! አለህ እኮ! እሱን ጥራልን።»

«ኧረ እሱስ ሳይጠሩትም ይመጣል» አለ አህያ።

ፍየል አጥሩ ላይ ወጥታ ተጣራች። ጅብ ከቁጥቋጦው ወጣ። ደሙን ሲከተል ኖሮ ሩቅ አልነበረም። እንግዳ ነውና ከበሩ ውጭ ቁርበት አነጠፉለት። የማን ቁርበት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

«አያ ጅቦ፣ ይህን አህያ ታውቀዋለህ?» አለ ዝንጀሮ።

«እንዴታ! ከሩቅ በጠረኑ፣ ከቅርብ በጣዕሙ።»

«ጠባዩስ እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው። አጥንቱ ላይ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ።»

ዝንጀሮ ወደ ጉባኤው ዞረ። «ሰማችሁ? መልካሙንም ጉድለቱንም ሳይደብቅ ተናገረ። እውነተኛ ምስክር እንዲህ ነው።» ጉባኤው አጨበጨበ። ኤሊ ብቻ፣ «እትዬ ይምጡ እንጂ፣ ልጆች» አለች። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ወደኋላ!» ብለው ሳቁባት።

የኮባ ቅጠል ዘርግተው ጅብን አስፈረሙት። ቀለም አላስፈለገውም፤ መዳፉ ላይ የአህያው ደም ገና አልደረቀም።

ፍየል በሩን ከፈተች። አህያ ገባ፤ መሮጫ እግር ቢኖረውማ አይገባም ነበር። ጅብም ተከትሎ ገባ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለች ፍየል።

«ተያዥ የያዘውን እየጠበቀ አያድርም እንዴ? ቢጠፋብኝስ የምጠየቀው ማን ነው?»

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። ሕጉን በልቡ አገላበጠ። «ልክ ነው» አለ።

ጅብ ግቢውን ዞሮ አየ። ፍየሏን አየ። የዝንጀሮን ወገብ አየ።

«ለመሆኑ ያንተ ተያዥ ማን ነው፣ ጋሽ ዝንጀሮ?»

«እኔ... እኔማ ከሕጉ በፊት ነው የገባሁት።»

«የፍየሊትስ?»

ፍየል ከዝንጀሮ ኋላ ተሸሸገች።

«ወይ ጉድ» አለ ጅብ በሐዘን። «በሕጋችሁ ተያዥ የሌለው እዚህ ግቢ አይኖርም። ግዴለም፤ ለሁላችሁም እኔው እፈርማለሁ።» በሩን በጀርባው ገፋና ዘጋው። ቅጠሉን ወደራሱ ሳበ፤ መዳፉን ግን ገልብጦ አየው። ደርቋል። ቀለም ፍለጋ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ።

ዝንጀሮ ዱላው ከእጁ ወደቀበት። ወደ አህያ ተጠጋ። «አንተ ታውቀዋለህ፣ ወንድሜ። አሁን ምን ይሻለናል?»

አህያ የተቦጨቀ ጭኑን ላሰ።

«እኔ በር ለመንኳችሁ፤ እናንተ ተያዥ ጠየቃችሁኝ» አለ። «ተያዥ ሲሹ ያዥ ያገኛሉ።»